12 ቁጥር ክፍል፦ ለሰፈራችን ጤና ጣቢያ ከአምስት አራት ኮከብ

ጤና ጣቢያውን በስም አልጠራውም። እማዬ በሰፈሩ ከ40 ዓመት በላይ ኖራለች፤ ስሙን ከጻፍኩት ነገ ጠዋት የእድሩ ሰው ሁሉ የማን ልጅ እንደጻፈው ያውቃል። እንድጽፍ የፈቀደችልኝ ራሷ ናት። «ስሜንና ቤታችንን ካልጠራሽ ጻፊው። የሌላ ሰው እናት ደግሞ እንደ እኔ በታይፎይድ ስትመላለስ አትክረም» አለችኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ ግቢው ውስጥ ሁለት ትልልቅ የጽድ ዛፎች ያሉት፣ ከወረዳ ጤና ጣቢያዎች አንዱ ነው። 12 ቁጥር የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍሉ ነው። ይኼ ይበቃል።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት በወረፋው እንዳይመስላችሁ፤ ወረፋ የት የለም። የቀነስኩበትን ምክንያት ወደ መሐል ስደርስ ታገኙታላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በ2016 ክረምት መግቢያ ላይ ነው። እማዬን ድካም ድካም ይላት ጀመር። ምጣዱ ፊት ስትቀመጥ ላብ በላብ ትሆናለች፤ ሦስት እንጀራ አውጥታ ታርፋለች። ቀሚሷ ሰፋት። ጎረቤቱ «ዕድሜ ነው፣ ጾም ነው» ይላል። እኔ አነስተኛ የኮፒና የኅትመት ሱቅ አለኝ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ማሽን ላይ ነኝ። ቶሎ ገብተን ቶሎ እንድንወጣ ብዬ ወደ ግል ክሊኒክ ወሰድኳት።

ሰኔ ላይ ታይፎይድ ነው ተባለች። ደም ተወሰደ፣ ወረቀት ላይ ቁጥር ተጻፈ፣ አንድ ፌስታል መድኃኒት ይዘን ወጣን። ነሐሴ ላይ ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ የጨጓራ ባክቴሪያ ነው አሉ። የ14 ቀን ኪኒን፣ ከሱ በኋላ ደግሞ እያኘከች የምትወስደው የጨጓራ ማስታገሻ ተሰጣት። ኅዳር ላይ ሦስተኛ ክሊኒክ ገባን፤ ታይፎይዱ ተመልሶ መጥቷል፣ ታይፈስም ተጨምሮበታል ተባለ፤ አምስት መርፌ ታዘዘ። ሒሳቡን የሱቁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ፤ የሦስቱም ሲደመር 7,340 ብር። በዚህ ከተማ ደክሟችሁ ክሊኒክ ገብታችሁ ታይፎይድ ሳትባሉ ከወጣችሁ ዕድለኞች ናችሁ። የሚሠሩላችሁ ዊዳል የሚባለውን ምርመራ ነው፤ ከዓመታት በፊት ለያዛችሁ በሽታ ወይም ጭራሽ ለሌላ ነገር ሰውነታችሁ ያመረተውን መከላከያ ቆጥሮ «ታይፎይድ አለባት» ሊል እንደሚችል በኋላ ነው የተነገረኝ።

በሦስቱም ቦታ፣ በዚያ ሁሉ የደም ምርመራ መሐል፣ አንድም ሰው ኤች አይ ቪን አላነሳም። እኔም አላሰብኩትም። ማን ያስባል? እናቴ ናት፤ ነጠላ ለብሳ ኪዳን የምታደርስ የ61 ዓመት ሴት።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ በቀኝ ጎኗ፣ ከጡቷ ሥር ተነስቶ እስከ ጀርባዋ እንደ መቀነት የዞረ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት። ያቃጥላታል፤ ሌሊት አንሶላ ሲነካው ትጮኻለች። አንዷ ጎረቤት «ሸረሪት ሸንቶባት ነው» አለች። ሌላዋ ገለጥ አድርጋ አይታ «ይኼማ አልማዝ ባለጭራ ነው፤ እናቴን ይዟት አይቼዋለሁ» አለች። ሁለተኛዋ ልክ ነበረች።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 8፣ 2017 ጠዋት እንደለመድኩት ወደ ክሊኒክ ልወስዳት ስል እምቢ አለች። «ገንዘብሽን በመርፌ ጨረስኩት። የስኳር ኪኒኔን የምወስድበት ቦታ እንሂድ፤ የጤና መድን ከፍዬ የለም እንዴ?» አለች። በዚያች የእማዬ ቁጠባ ነው እንግዲህ ነገሩ የተገኘው።

2 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ከፊታችን 30 ሰው ያህል ነበር። ካርድ ክፍሉ እንደሁሉም ቦታ ነው፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ልጅ፣ ጣሪያ የሚነካ የካርድ መደርደሪያ፣ በየግድግዳው ላይ በስኮች የተለጠፈ «መታወቂያ ይዛችሁ ቅረቡ»። ሙያዬ ስለሆነ ማስታወቂያ ሳይ ዓይኔ ስሕተቱ ላይ ነው የሚያርፈው፤ «ቅድሚያ ለነብሰ ጡር» የሚለው ላይ ሦስት ዓይነት የፊደል መጠን አለ። ሙቀትና ግፊት የምትለካው ልጅ ግን ፈጣን ናት። 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ተመላላሽ ክፍል ገባን።

ያገኘናት ጤና መኮንን ከ27 ዓመት አትበልጥም። ጓንት አድርጋ ሽፍታውን ዙሪያውን አየች። መቼ እንደወጣ ጠየቀች። የእማዬን የስኳር ካርድ ገልጣ የዓምናውን ክብደት ከዛሬው ጋር አስተያየች፤ 11 ኪሎ ቀንሳለች። አፏን አስከፍታ በባትሪ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እህቴ፣ ለአምስት ደቂቃ ውጪ ትጠብቂናለሽ?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ያመጣኋት እኔ፣ የምከፍለው እኔ፣ ውጪ የምቆመው እኔ! በሩ ላይ ቆሜ የቅሬታ ሳጥን የት እንዳለ ስፈልግ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ቀን ሁሉ ትክክለኛዋ ነገር እሷ ናት። በውስጥ የተባለውን እማዬ ናት በኋላ የነገረችኝ።

«እማማ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርገው ያውቃሉ?» ስትላት እማዬ ሳቀች። «እኔ? ባሌ ከሞተ 13 ዓመቱ እኮ ነው ልጄ!» ልጅቷ አልተከራከረቻትም፤ አላፈረችምም። «አልማዝ ባለጭራ የወጣበትን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ፤ ሃያ ዓመት ይሁነው ሰማንያ። ይኼ ሽፍታ የሚወጣው በልጅነት ከያዘዎት ጉድፍ ተርፎ ነርቭ ውስጥ የተኛ ቫይረስ ሰውነት ሲደክም ሲነሳ ነው። ያደከመዎት ዕድሜ ሊሆን ይችላል፣ ስኳሩም ሊሆን ይችላል፣ እሱም ሊሆን ይችላል። ባይፈልጉ ይተዉት፤ ሕክምናዎ አይቋረጥብዎትም» አለቻት። እማዬ «ከእንግዲህ ምን ይመጣብኛል ብዬ እሺ አልኳት» ትላለች። ምርመራው አያስከፍልም። ከ7,340 ብር በኋላ ነጻ መሆኑ ራሱ ያሳፍራል።

ከጣቷ ጫፍ ጠብታ ደም ተወሰደ። የመጀመሪያው መመርመሪያ መስመር አሳየ፤ ወዲያው በሌላ ዓይነት፣ ከዚያ በሦስተኛ ዓይነት ደገሙት። ሦስቱም አንድ ካላሉ «አለብሽ» አይባልም። ይኼ ሁሉ አንድ ሰዓት አልሞላም። ምክር የምትሰጠው ሲስተር ውጤቱን ለእማዬ ብቻዋን ነገረቻትና «ማን እንዲያውቅልዎ ይፈልጋሉ? ማንም ካልፈለጉ ማንም አያውቅም» አለቻት። እማዬ «ልጄን ጥሪልኝ» አለች።

ስገባ እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር። የሆነውን ስትነግረኝ የመጀመሪያ ቃሏ «ሰው እንዳትጠሪ» የሚል ነው። ሊሞት የሚቃረብ ሰው ቤት የሚጠራውን ሰው ማለቷ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የእማዬን ፍርሃት ያላየ ሰው አይገባውም። ቫይረሱ አገራችን ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1976 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች የተመዘገቡት በ1978። እማዬ ሠላሳዎቹ ውስጥ ሆና ያየችው ግን የ1990ዎቹን መጀመሪያ ነው። የእድሩ ድንኳን አንዱ ቤት ተነቅሎ ሌላው ቤት ይተከል ነበር ትላለች። ጓሯችን የተከራየች አንዲት ልጅ እማዬ እጅ ላይ ነው ያለፈችው፤ አጥባት፣ አጉርሳት፣ ጨርሶ ሰው ሳይጠይቃት። ያኔ መድኃኒት የሚያገኘው ከፍሎ የቻለ ነበር። ያለ ክፍያ መሰጠት የተጀመረው በ1997 ነው፤ ለዚያች ልጅ አልደረሰም። ስለዚህ ሲስተሯ «መድኃኒት አለው» ስትል እማዬ ፊት የቆመችው ያቺ ልጅ ነበረች።

ሲስተሯ ይኼን የምታውቅ ይመስል ስለ መድኃኒት ወዲያው አላወራችም። «ማንን አስታመው ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። እማዬ አወራቻት። ለ20 ደቂቃ ያህል አወራቻት። ውጪ ወረፋ አለ፣ ሲስተሯ ሰዓቷን አላየችም። ከአራቱ አንዷ ኮከብ ለዚህ ናት።

በተለያዩ ቀናት የተሠራውን ነገር በአጭሩ ልናገር። ዓርብ ዕለት እንደገና ጠርተው በአዲስ ደም፣ በሌላ ባለሙያ እጅ ምርመራውን ከመጀመሪያው ደገሙት። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ነው ደንቡ፤ ስም ተቀያይሮ ቢሆንስ። የሲዲ ፎር፣ ማለትም በሽታ የሚከላከሉት የደም ሴሎች የሚቆጠሩበት፣ ናሙና ወደ ሆስፒታል ተልኮ 187 ሆኖ መጣ። ከ200 በታች ስለሆነ ሌሎች ነገሮች መታየት ነበረባቸው፤ የማጅራት ገትር የሚያመጣው ፈንገስ በደሟ፣ ቲቢ በሽንቷና በአክታዋ ተፈለገ። የሉም ተባለ። ያንን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቤት ስገባ ደግሞ 187 የሚለው ቁጥር አላስተኛኝ አለ። ሰኔ ላይ ቢጠየቅ ስንት ይሆን ነበር?

መድኃኒቱ የተጀመረው በሳምንቱ ማክሰኞ ማታ ነው። በቀን አንዴ የሚዋጥ፣ ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ የያዘ ኪኒን፤ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲን፣ ዶሉቴግራቪር። ለሱ ነው 12 ቁጥር ክፍል የሄድነው። ከእናቶችና ሕፃናት ክፍል ኋላ፣ ከጽዱ ሥር፣ ለብቻው በር አለው። በሩ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ግን ሰፈሩ በሙሉ 12 ቁጥር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ስለዚህ ቁጥሩ የደበቀው ነገር የለም። ከሌላው ጋር ቢቀላቀል ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ለክፍሉ ሲስተርም ነግሬያታለሁ። «እኛም ብለናል» አለች።

12 ቁጥር ያለችው ሲስተር ጎልማሳ ናት፤ 50ዎቹን የጀመረች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። ኪኒኑን ከመስጠቷ በፊት «እትዬ፣ ሌላ የሚወስዱትን ሁሉ ያምጡልኝ። ፌስታሉን እንዳለ ይገልብጡት» አለች። እማዬ ፌስታሏን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። የስኳር ኪኒን ሜትፎርሚን፣ ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት፣ ባለ 500። የሚታኘከው የጨጓራ ማስታገሻ። አንድ የአክስቴ ልጅ ከውጭ የላከላት ካልሲየም። ሌላ ደግሞ ስሙ የጠፋ ቅባት።

ሲስተሯ አንድ በአንድ እያነሳች ለየቻቸው። ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚንን ደም ውስጥ ያበዛዋል፤ ስለዚህ በቀን ከ1,000 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ከአራት ኪኒን ወደ ሁለት አወረደችው፤ ስኳሩ እንዳያሻቅብ ደግሞ በሁለት ሳምንት በባዶ ሆድ እንድትለካ ቀጠረቻት። የጨጓራ ማስታገሻው ውስጥ ያለው ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ኪኒኑን ይዞ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ኪኒኑ ከተዋጠ ከሁለት ሰዓት በኋላ ካልሆነ፣ ወይም ማስታገሻው ከተወሰደ ስድስት ሰዓት ካላለፈ በስተቀር ሁለቱ አይገናኙም። ካልሲየሙንም ለጠዋት አደረገችው። ቅባቱን አሽትታ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ጣለችው። እማዬ ዛሬም ቅባቷን ታነሳለች።

አሁን ወደ ቀነስኳት ኮከብ። ከ12 ቁጥር በር ተነስታችሁ ስኳርና ግፊት ክፍሉ ድረስ 18 እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። እማዬ ያ ክፍል ለአራት ዓመት በየወሩ ሄዳለች። በየወሩ ተመዝናለች። ክብደቷ 11 ኪሎ ሲወርድ እያንዳንዷ ቁጥር በእጅ ጽሑፍ ካርዷ ላይ ተጽፋለች፤ 68፣ 66፣ 63፣ 60፣ 57። የጻፈው ሰው አላነበበውም። «ስኳር ሲይዝ ያከሳል» ብለው ነው እንዳልል፣ ማንም ምንም አላለም። የግል ክሊኒኮቹን እረግማለሁ፤ ግን እነሱ አንድ አንድ ጊዜ ነው ያዩዋት። አንዲት ወጣት ጤና መኮንን በአንድ ጠዋት የጠየቀችውን ጥያቄ 18 እርምጃ ወዲህ ያለው ክፍል በአራት ዓመት አልጠየቀም። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ይኼንኑ ጽፌ ሰጥቻለሁ። ተቀበሉኝ፤ አልተቆጡኝም። ከዚያ ወዲህ ስኳር ክፍሉ የክብደት መዝገቡ ላይ ቀይ እስክርቢቶ መጠቀም ጀምሯል። በኔ ምክንያት ይሁን አይሁን አላውቅም።

ሰዎች «እንደ እማማ ላሉ ማን ይጠረጥራል» ይሉኛል። በ2008ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ውስጥ ቫይረሱ ያለባቸው በአገር ደረጃ 0.9 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 3.4 በመቶ ነበሩ። ሴቶችን እስከ 49 ዓመታቸው ነው የቆጠረው። እማዬ ቆጠራው ውስጥ እንኳ የለችም። ከማን እንደያዛት ጤና ጣቢያው አልጠየቀም፣ እኔም አልጠየቅኩም፣ እሷም አልተናገረችም። አባቴ ፎቶው ግድግዳው ላይ እንዳለ አለ።

ጾሙን ፈርተን ነበር፤ የነቢያት ጾም መሐል ነው የጀመረችው። ሲስተሯ «ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል፤ ሰዓቱን ብቻ አይቀያይሩት። ጾምዎንም አይፈቱ» አለቻት። እማዬ የመረጠችው ማታ ሁለት ሰዓት ነው፤ የዜናው ሙዚቃ ሲጀምር ውኃዋን ትይዛለች፤ አርእስተ ዜናው ሳያልቅ ውጣዋለች። መብራት ሲጠፋ በራዲዮ። መጀመሪያ ላይ ለዐሥር ቀን ያህል እንቅልፍ እምቢ አላት፤ ወደ ጠዋት እናዙረው ስትባል «ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነኝ፣ በመሐል እረሳዋለሁ» ብላ ቻለችው፤ አለፈ።

ጸበሉም ተነስቷል። እንጦጦ ሄዳ መክረም ፈልጋ ነበር። ሲስተሯ ጸበል አትሂጂ አላለቻትም፤ ብትላት እማዬ ዳግመኛ 12 ቁጥር የምትረግጥ አይመስለኝም። «ይሂዱ፤ ኪኒኑን ይዘው ይሂዱ። አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና በዘመናቸው ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው አልነበረም?» አለቻት። እማዬ ያንን ታስታውሳለች። ሰባት ቀን ጸበል ከረመች፤ ሰባት ኪኒን ይዛ።

ብልቃጡ ላይ ቅሬታ አለኝ። የነጭ ፕላስቲኩ ብልቃጥ በቦርሳ ይዛችሁ ስትሄዱ እንደ ጸናጽል ይንኳኳል። ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሰማ ይመስላችኋል። መላውን ያሳየችን መድኃኒት አወሳሰድ የምትከታተል አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ራሷ ለ17 ዓመት መድኃኒቱን ስትወስድ የኖረች። ጥጥ ጠቅጥቃችሁ ክዳኑን ግጠሙ፤ እርጥበት የምትመጠውን ትንሿን ከረጢት ግን አታውጡ። «ሳሎን አታስቀምጡት፤ ሽንኩርት ካለበትም ምድጃ ካለበትም አርቁት» አለች። እማዬን ያሳመናት ሐኪም አይደለም፤ የዚያች ሴትዮ ጉንጭ ነው። «17 ዓመት ወስዳ እንዲህ ከቀላች...» እያለች ነው ቤት የገባችው።

ያቺን ሴት ያገኘናት ሦስቴ ብቻ ነው። ጥር ላይ፣ 2017 ማለት ነው፣ የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታውን ሲያግድ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ፤ በአገሪቱ 5 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ በዜና ተነገረ። እሱን ዜና እማዬ ኪኒኗን በእጇ ይዛ ነው የሰማችው። «መድኃኒቱስ?» አለችኝ። በነጋታው ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። መድኃኒቱ አለ፤ ሴትዮዋ ግን የለችም። ወንበሯ ላይ የካርድ ክምር ተቀምጦበታል። መድኃኒቱ አልተቋረጠብንም፤ አንድም ቀን። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስተሯ ብቻዋን ሆነች፤ የእማዬ 20 ደቂቃ ለአዲስ ሰው የሚሰጥ አይመስለኝም። ለዚህ ኮከብ አልቀንስም፤ የጤና ጣቢያው ጥፋት አይደለም።

የኛ የልጆቹ ተራም ደረሰ። ሲስተሯ በሁለተኛው ቀጠሮ ወደ እኔ ዞራ «አንቺስ?» አለችኝ። በ2012 ለሰርጌ ቤተ ክርስቲያን ወረቀት ስለጠየቀኝ ተመርምሬያለሁ አልኳት። «አምስት ዓመት ሆነው» አለች። ተመረመርኩ። የ15 ደቂቃውን ነገር አላወራም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ፖስተር 40 ጊዜ ያህል አንብቤዋለሁ፤ ነጻ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ጤና ጣቢያ አልገባም አለ። ለሱ በቤት ውስጥ ራስን መመርመሪያ ላከችለት፤ ድድን ጠርጎ ጠርሙሷ ውስጥ የሚነክሩት፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚነበብ። መስመር ካሳየ ገና ማረጋገጫ እንደሚያስፈልገው አስጠንቅቃናለች። አላሳየም። ወንድሜ ያን ቀን ደውሎ ስለ ሌላ ነገር አወራኝ፣ ስለ መኪናው ጎማ፤ መጨረሻ ላይ «ያም ደህና ነው» ብሎ ዘጋ።

ቤት ውስጥ እማዬ ስኒዋን ለይታ ነበር። ሲስተሯ ጥፍር መቁረጫና ምላጭ ለዪ፣ ስኒውን መልሺ አለቻት። ስኒው ተመለሰ። ምላጭ ድሮም የኔን ነበር የምትወስደው።

ሰኔ ላይ፣ ስድስት ወሯ ሲሞላ፣ የቫይረሱ መጠን የሚለካበት ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ለመምጣት 7 ሳምንት ፈጀ፤ ሁለቴ «አልመጣም» ተብለን ተመለስን። አንድ ጽሑፍ መልእክት ቢልኩ ምን ነበረበት? ሲመጣ «ከ50 ኮፒ በታች» ይላል፤ ማለትም ማሽኑ ቆጥሮ የሚያገኘው የለም። ከዚህ በታች ሆኖ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ሲስተሯ ይኼን ስትናገር እማዬ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። «ላግባ ነው የምትይኝ?» አለቻት። በዓመቷ ታኅሣሥ 2018 ላይ ተደገመ፤ ያው ነው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን የስድስት ወር ይሰጧታል፤ ባለ 90 ሁለት ብልቃጥ። ለቲቢ መከላከያ በሳምንት አንዴ ለ12 ሳምንት የወሰደችው፣ «የረቡዕ ኪኒን» የምትለው፣ አልቋል። የማህፀን በር ምርመራም አድርገውላታል፤ ያንን በተመለከተ እንድጽፍ አልፈቀደችልኝም።

የሚሄድ ሰው ካለ፦ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ሰኞ አትሂዱ፣ መታወቂያና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያዙ። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ የት ልትሄዱ እንደሆነ ጮኻችሁ አትናገሩ፤ በመጀመሪያው ወር ያ ልጅ «የ12 ቁጥር ካርድ ነው!» ብሎ ከአዳራሹ ማዶ ጮኾብናል፤ እማዬ ለሳምንት ከቤት አልወጣችም። አሁን የ12 ቁጥር ካርዶች እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው የሚቀመጡት፤ በቀጥታ ትገባላችሁ። መሄድ ያስፈራው ደግሞ 952 ነጻ የስልክ መስመር ነው፤ ስም አይጠይቁም።

አንድ ነገር ቀረኝ። በሦስተኛው ቀጠሯችን አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ ከእማዬ ማኅበርተኞች አንዷ ከዚያኛው ጫፍ ተቀምጣለች። ሁለቱም ተያዩና ሁለቱም ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ግድግዳ አዩ። ከዚያ ሴትዮዋ ተነሥታ መጣችና እማዬ አጠገብ ቁጭ አለች። «አንቺም እዚህ ነሽ? እኔ ስድስት ዓመቴ» አለች። እማዬ ምንም ሳትመልስ ነጠላዋን ከፍታ ግማሹን አለበሰቻት፤ ብርድ ነበር።

ባለፈው ቀጠሮ «አንቺ ሱቅሽን ክፈቺ» ብላኝ አብረው ሄዱ። 4 ሰዓት ላይ ሰግቼ ብደውል ስልኩን ያነሳችው ሴትዮዋ ናት። «ውስጥ ገብታለች፣ እየተመዘነች ነው። 70 ገባሁ ብላ ከሲስተር ጋር እየተጨቃጨቀች ነው፤ ሚዛኑ ተበላሽቷል ትላለች» አለችኝ።